«ድልድዩ ሥር ነኝ» ያሉት የአቶ ማላኪ ጊልቫሪ የሕይወት ታሪክ

አቶ ማላኪ ጊልቫሪ ከአባታቸው ከአቶ ኦስቲን ጊልቫሪ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዴሊያ ሩዌን፣ በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ የግሌንራ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት በኪልናርዳ መንደር እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1948 ተወለዱ። በወንዙ ላይ ሳልሞን ማጥመድ የሚፈቀደው ከማርች 1 ጀምሮ ስለሆነ እናታቸው «አንድ ቀን አርፍዶ ተወለደ፤ ያቺን ቀን ለማካካስ ነው ዕድሜውን ሙሉ ወንዝ የሚውለው» ይሉ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እውነታቸውን ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ተከታትለዋል፤ «ተከታትለዋል» ማለት ቢከብድም። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ስለነበር በየማለዳው ድልድዩን መሻገር ነበረባቸው፤ በሜይ አካባቢ ግን ከድልድዩ ማለፍ ያቅታቸው ነበር። በአሥር ዓመታቸው ከአጎታቸው በተሰጣቸው ዘንግ የመጀመሪያዋን የባሕር ትራውት የተባለች ዓሣ ያዙ። መምህራቸው ከየት እንዳገኟት ቢጠይቋቸው «ድልድዩ ሥር» አሉ።

በኪልናርዳ ዓሣ የት እንደያዘ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «ድልድዩ ሥር» ብሎ ነው የሚመልሰው። ነውር አይደለም። ላሞች እየገቡ ሲያደፈርሱት ስለሚውሉ እዚያ ምንም እንደማይያዝ ሁሉም ያውቃል። ሰው የራሱን ቦታ ለሌላ አጥማጅ አሳልፎ አይሰጥም፣ በቃ። ሌሎቹ ወንዶች ግን ቢያንስ ለሚስቶቻቸው እውነቱን ይናገራሉ። አቶ ማላኪ ለሚስታቸውም «ድልድዩ ሥር» ነበሩ።

ከ1968 ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2013 ድረስ በፖስተኛነት ሕዝባቸውን በቅንነት አገልግለዋል። ቅንነታቸው አያጠያይቅም፤ ሰዓታቸው ነው ያጠያየቀው። ዝናቡ አባርቶ የሞላው ወንዝ መጉደል ሲጀምር ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዙ ይወጣል፤ በዚያን ቀን የላይኛው መንደር ደብዳቤ አይጠብቅም ነበር።

በ1975 ከወ/ሮ አትራክታ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። (ይህን ጽሑፍ አዘጋጅታ የምታነበው አትራክታ ራሷ ስለሆነች ለራሷ «አንቱ» አትልም።) ሙሽራዋ በጁን ፀሐይ ለማግባት አስባ ነበር። ሙሽራው ግን የዓመቱ የማጥመጃ ወቅት ከመዘጋቱ በፊት ያለ ማንኛውም ቅዳሜ እንደማይመቻቸው ስላስታወቁ ሠርጉ በኖቬምበር ወጀብ ተደረገ። ቬሏን ነፋስ ወስዶት የጎረቤት አጥር ላይ ነው የተገኘው። የበኩር ልጃቸው ኑአላ በጁላይ ስትወለድ አባቷ ወንዝ ነበሩ። ፊንታን በጃንዋሪ ተወለደ፤ እናቱ ከመጀመሪያው ተምራለች።

አቶ ማላኪ ዓሣ የሚያታልሉባቸውን ዝንቦች ከላባና ከክር መንጠቆ ላይ በራሳቸው እጅ ይሠሩ ነበር፤ በወረዳው የሚስተካከላቸው አልነበረም። ላባው ከየት እንደሚመጣ ግን የሚያውቀው ያጣ ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮ አንገቱ ተላጭቶ ኖሯል። በቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከዳቦው አጠገብ የወፍ ቆዳ ተደርድሯል። አትራክታ ለእህቷ ሠርግ የገዛችው ባለወርቃማ ላባ ባርኔጣም ከሠርጉ ዋዜማ ጀምሮ ባለላባ አልነበረም። ባለቤቷ በጥያቄ ሲያዙ «ምን ላድርግ፣ ቀለሙ ልክ ሳልሞን የሚወደው ሆነብኝ» አሉ። ያኔ ማኩረፍ ይገባት ነበር፤ ሳቀች፤ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

በ1994 ትዕግሥቷ አለቀና አንድ ቀን ከኋላቸው ተከትላ ሄደች። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ከኮረብታ ላይ ሆና እውነተኛውን ቦታ አየች። ባሏ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ለብቻቸው ያፏጫሉ። ከሷ የደበቁት ይህን ብቻ መሆኑ ሲገባት ቀስ ብላ ተመለሰች። እንዳየች እስከ ዛሬ ለሳቸውም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከ2019 ጀምሮ አቶ ማላኪ በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ይረዱ ነበር። ሐኪማቸው ሩቅ መሄድና ጥልቅ ውሃ መግባት ከልክለው፣ የሚሄዱበትን ለባለቤታቸው በትክክል እንዲናገሩ አስጠነቀቋቸው። ቃል ገቡ። አትራክታ በዚህ ቃል ላይ ብዙም ተስፋ አልጣለችም።

ኦገስት 17 ቀን 2023 ከገበያ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አገኘች፤ «ድልድዩ ሥር ነኝ። በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ። በእውነት።» ይላል። «በእውነት» የሚለውን ስታነብ ደሟ ፈላ። አርባ ስምንት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ውሸት፣ አሁን ደግሞ መሐላ ተጨመረበት!

አሥር ሰዓት አለፈ፣ አሥራ አንድም ሞላ። ጓደኛቸው አቶ ኮልማን ጄራቲ መጥተው «ሰዎች ሰብስበን እንፈልጋቸው፣ የት እንደሄዱ ብቻ ንገሪን» አሉ። አትራክታ የት እንደሆነ ታውቃለች። ግን ቦታውን ለኮልማን ጄራቲ መንገር ማለት ለአገሩ ሁሉ መንገር ነው፤ ባሏ ደህና ሆነው ከተገኙ ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይቅር አይሏትም። ስለዚህ «ቆዩ፣ ራሴ አያቸዋለሁ» አለች። ልጇን ፊንታንን እንኳ አላስከተለችም። በሰባ ሁለት ዓመቷ፣ በታመመ ጉልበቷ፣ በዝናብ፣ ባሏን እየረገመች ያን ሁሉ ዳገት ወጣች። እዚያ ማንም አልነበረም።

አቶ ማላኪን ያገኟቸው የወተት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ድልድዩ ሥር። ጀርባቸውን የድልድዩ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል፤ ዘንጋቸው ተፈታትቶ ታስሯል፣ መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። አጠገባቸው ቅጠል ላይ ሦስት ኪሎ ተኩል የምትመዝን ሳልሞን ተጋድማለች፤ ከባሕር ገና መውጣቷ ስለሆነ የባሕር ቅማሏ እንኳ አልረገፈም። ከንፈሯ ላይ የተሰካችው ዝንብ ወርቃማ ላባ ነበራት።

ሐኪሙ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በአንድ አፍታ ማረፋቸውንና ቶሎ ቢደረስላቸውም ለውጥ እንዳልነበረው ተናግረዋል። አትራክታ ሐኪሙን ታምናለች። ሰውዬው ግን እዚያ ለብቻቸው ተቀምጠው አመሹ፤ ከላያቸው መኪና ያልፋል፣ ሚስታቸው ተራራ ላይ ናት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋሽተው በመጨረሻ እውነቱን ቢናገሩ የሚያምናቸው አጡ። ጥፋቱ የሳቸው ነው። ግማሹ የሷ ነው፤ ይህንንም እዚህ በሰው ፊት ትናገራለች።

ሳልሞኗ በቅቤና በድንች ለለቀስተኛው ቀርባለች። አቶ ኮልማን ጄራቲ ሁለት ሳህን ከበሉ በኋላ «ይቺ የድልድይ ዓሣ አይደለችም» ብለዋል። አሁንም እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በግራ በኩል የተቀመጡት አጥማጆች በሙሉ በዚሁ ሐሳብ እንደጸኑ ፊታቸው ላይ ይነበባል። የላይኛውን ቦታ ትነግረናለች ብለው የሚጠብቁ ካሉም፣ አትራክታ አትናገርም፤ ይልቅ ወደ ቤታቸው ይሂዱ።

አቶ ማላኪ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ላባ የሞላው ማቀዝቀዣም ትተው ሄደዋል፤ የሚነካው ሰው ወዮለት።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፣ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ። ደጁ ሲደርሱ ከየት እንደመጡ መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሳቸውም የታወቀ ነው። እባክህ ጌታዬ፣ አንተ እንኳ እመነው።