ከሾፌሩ ጎን ያለው መቀመጫ

ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 14 ቀን 1916

ለልጄ ለክላይድ፣

ጤናህን የምጠይቅህ እውነቱን እንደማትነግረኝ እያወቅሁ ነው። ለእናትህ «ሲንሲናቲ ላይ ትንሽ ተንሸራተትሁ» ብለህ ጽፈሃል። እኔ ግን የተንሸራተትህበትን ጎማ ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ያመጣልኝ ገስ ሃንራቲ ነው፤ ሰባት ውድድር ሙሉ አጠገብህ ተቀምጦ ከርሞ በሴፕቴምበር ያባረርኸው መካኒክህ። ከተመልካቹ መሃል ሆኖ ያይህ ነበር።

«ለምን አስወጣህ?» አልሁት።

«ከበድህብኝ አለኝ፣ ሚስተር ፔንሮድ። በኔ ቦታ ፈረስ ጋላቢ አስቀመጠ። ዴልበርት ይባላል፤ ኮት የለበሰ ዶሮ ነው የሚያህለው።»

«መኪና ያውቃል?»

«ፈረስ ያውቃል። ጋላቢ ደግሞ ወደ ኋላ አይዞርም፣ እንዳይዞር ተገርፎ ነው ያደገው። የኋላው ጎማ ላስቲኩ አልቆ ክሩ ሲወጣ እኔ ከተመልካቹ መቀመጫ ሆኜ አየሁት። ጮህሁ፤ ማን ይሰማኛል? ዴልበርት ግን አጠገቡ ተቀምጦ ፊት ፊቱን ያያል።»

ክላይድ፣ በሰዓት መቶ ማይል የሚነዳ ሰው የኋላ ጎማውን ማየት አይችልም። አጠገቡ ሰው የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ገስ ጉልበትህን አንዴ ሲመታህ ከኋላ የሚደርስብህ አለ፤ ሁለቴ ሲመታህ ጎማህ አልቋል። ከሰባቱም ውድድር በእግርህ የወጣኸው በዚያ ጡጫ ነው። አንተ ግን ሰባ ስምንት ፓውንድ ክብደት ለመቀነስ ብለህ ለወጥኸው። ሃያ ስድስት ዓመት ምህንድስና አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ስሌት ያመጣልኝን ተማሪ ሁሉ ጥዬዋለሁ። ሰባ ስምንት ፓውንድ ከመኪናህ ክብደት ሦስት በመቶ ነው። አንገትህ ስንት በመቶ እንደሆነ አንተው አስላው።

የስፖርት ገጽ እንደማላነብ ታውቃለህ። ቢሆንም በስልሳ ነጥብ እንደምትመራ፣ ለሻምፒዮንነት የካሊፎርኒያው ውድድር ብቻ እንደቀረህ፣ ቺካጎ ላይ በመቶ አርባኛው ማይል ጎማ ለመቀየር ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ እንደፈጀብህ አውቃለሁ።

ገስን ወደ አንተ እንዲመጣ ለመንሁት። «ያባረረኝን ሰው በር አላንኳኳም፤ ራሱ ይጥራኝ» አለኝ። ልክ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን ቴሌግራም ላክለት። የቃል ክፍያ ለመቆጠብ ብለህ ይቅርታውን እንዳትተወው።

እስከ ኖቬምበር ሃያ ሁለት እጠብቃለሁ። ካልላክህ እኔ እመጣለሁ። የምቀመጠውም ከተመልካች ጋር አይደለም። አትሳቅ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ክብደቴ መቶ ሠላሳ ስምንት ፓውንድ ነው፣ አንገቴም ይዞራል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ገስ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያስተምረኝ ዋለ። እሱ ይነዳል፤ እኔ ዞሬ አይቼ ጉልበቱን እመታለሁ።

«ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ሰበሩኝ እኮ» አለኝ።

«ክላይድ ቀስ ተብሎ ከተመታ አይሰማም» አልሁት።

እናትህ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ገብታ የመንገድ ካፖርቴን አወጣችና መቦረሽ ጀመረች።

አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው እግዚአብሔር ይምረጥልህ። እኔ የመረጥሁትን ነግሬሃለሁ።

አባትህ
ኤልስዎርዝ ፔንሮድ