ሰባቱ የኮምቦልቻ ደብዳቤዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ደሴ

የመጽሔታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ሰይድ፣ ለዓምዴ የሚጻፉትን ደብዳቤዎች በየከተማቸው የሚመድብ የጃቫ ፕሮግራም ሠርቶ ዛሬ አሳየኝ። ከኮምቦልቻ ሰባት ደብዳቤ ሰጥቼው አንድ ብቻ ወጣ፤ እሱም ቬሎ የምታከራየዋን እህቱን የሚያሞግሰው! ስድስቱ «የተቀደደ አከራየችን» ብለው የሚያማርሩ ናቸው።

«ለእህትህ ብለህ ደበቅካቸው አይደል?» አልኩት።

«ወላሂ አልነካኋቸውም፣ እትዬ! ከደጋን ከተማ የመጡትንም ይዩ፣ የወጣው አንድ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው። ፈልጎ ፈልጎ ጥፋቱን አገኘው፤ ለካ ፕሮግራሙ ደብዳቤ በገባ ቁጥር ለከተማው አዲስ ዝርዝር እየከፈተ የቀድሞውን ይጥለው ኖሯል። «ዝርዝር ካለው እዚያው ላይ መጨመር ነበረበት» አለና አስተካከለው። ሰባቱም ተደርድረው ወጡ።

«አሁንስ አመኑኝ?» ብሎ ሳቀብኝ። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ቤት ገብቼ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የሚተርፈው መጨረሻ የገባው ከሆነ፣ ሙገሳው መጨረሻ ተተይቧል ማለት ነው። እኔ ደብዳቤዎቹን የሰጠሁት በመጡበት ተራ ነው፤ ሙገሳው ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ የመጣ ነበር። የተየባቸውም ራሱ ሰይድ ነው።

የስድስቱን ሙሽሮች ደብዳቤ ለዓርቡ እትም እኔው በእጄ እጽፈዋለሁ። ይቅርታዬን ግን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?