የሃምሳ አለቃውን ማዕረግ ማን ገፈፈው?

ሰኞ ነሐሴ 4። ጠዋት 1 ሰዓት።

ዳቦ ገባ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የደቡብ አፍሪካዋ ሰፈሬ ቶኮዛ ገና አልነቃችም፤ ሲጋራ ፈላጊው ግን ነቅቷል። መንግሥት በሎክዳውን ሽያጩን ከልክሏል፣ የለኝም ብለው አያምንም፣ በሱቁ ፍርግርግ እጁን እየሰደደ አንዲት ብቻ ይለኛል። የለኝም አልኩ እኮ!

አንቺ ደብተር፣ ዛሬ ምዕራፍ 3 ይወጣል። ታሪኬን ወንጌላዊ ደሳለኝ በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ገጽ ላይ በየሳምንቱ ይለጥፍልኛል። የሀገሬ ልጅ ሁሉ ስፓዛው፣ የሰፈር ሱቁ፣ ውስጥ ተቆልፎበት ስለሚውል አንባቢ አልጠፋም። ምዕ. 1 እና 2 የመንደር ወሬ ናቸው። በ3 ሃምሳ አለቃው ይገባሉ። ሆሳዕና ያለችው እህቴ አልማዝ ለአባባ ታነብላቸዋለች። አባባ ደረታቸውን ይዟቸው ከተኙ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ሃምሳ አለቃው እሳቸው መሆናቸውን አልነገርኳቸውም። ስሙን ቀየርኩ፣ ማዕረጉን አልቀየርኩም። ይደርሱበታል።

ያው ቀን። ከሰዓት 10።

ወጣ። የኔ አይደለም! ደሳለኝ ሃምሳ አለቃዬን «ዘበኛው» አድርጎብኛል። ከላይ እስከ ታች ዘበኛው፣ ዘበኛው፣ ዘበኛው። በሩን የሚጠብቁለትን ጅምላ ነጋዴ ደግሞ እኔ ሆን ብዬ በባዶ ስሙ ጽፌው፣ እሱ «የተከበሩ አቶ» ብሎ ሾሞታል። ሹመት ያዳብር!

ስንት ቀን አስቤበት ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ማዕረግ በጠሪው አፍ ነው ያለው። ነጋዴው «አንተ ዘበኛ» ይላል፤ ይበል፣ የሱ አፍ ነው። ሚስቱ «የበሩ ሰውዬ» ትላለች። ልጆቹ ያፏጩባቸዋል። ሃምሳ አለቃ ብሎ የሚጠራቸው ተራኪው ብቻ ነው፣ በየገጹ፣ ሳይታክት። ታሪኩ ያ ነው። ያንን ካወጣህበት ምን ይቀራል? በርና ሽማግሌ።

ደርግ ሲወድቅ አንዴ ተገፈፉ። ደሳለኝ ደገማቸው።

ረቡዕ ነሐሴ 6።

ደወልኩለት። ዳቬይተን ሰፈር ያለው ሱቁ ውስጥ ነው፣ ሳል እና የሳንቲም ድምፅ ይሰማል። ማዕረግ ከዩኒፎርሙ ጋር ይመለሳል አለ። ያውም የዚያ መንግሥት ጦር። ደግሞ ሀብታምን በባዶ ስም መጥራት ምእመናንን ያስቀይማል። ዘበኛ ግን ዘበኛ ነው፣ ማን ይቀየማል?

እኔ እቀየማለሁ አልኩት። ጮህኩ። ደንበኛዬ ማማ ዛኔሌ ዱቄቷን ይዛ ደንግጣ ቆመች። አንተስ አልኩት፣ ምእመን ማገልገል ትተህ ዳቦ መሸጥ ከጀመርክ ስድስት ዓመትህ፣ ወንጌላዊ የምንልህ ለምንድን ነው? ዩኒፎርምህ የት አለ?

ውለታውን አነሳ። ከድንበር ስመጣ የተቀበለኝ እሱ። ስምንት ወር ከሱቁ ጀርባ ያስተኛኝ እሱ። «ሳዉቦና» ብዬ በዙሉ ሰላም ማለት እንኳ ያስተማረኝ እሱ። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፣ አጉርሶኛል። ንዴቴ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰው።

ዓርብ ነሐሴ 8። ጠዋት።

አልማዝ ደወለች። አንብባላቸዋለች። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ጠየቋት፦ ይሄ ዘበኛ ደቡብ አፍሪካ የሚያውቀው ሰው ነው ወይ? አሳዘነኝ አሉ። ስም እንኳ የለውም አሉ።

ዱቄቱ ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ። ማስኩ ራሰ።

ትንፋሻቸው ብሷል። ሐኪም ቤቱ ሞልቷል፣ ቤት ይሁኑ ተብሏል።

ከሰዓት።

አሁን ደግሞ በራሴ ተናድጃለሁ። ለምን በደሳለኝ በኩል? ስልክ አለኝ፣ ኤርታይም የምሸጠው እኔ። በራሴ አፍ አንብቤላቸው ቢሆንስ? እውነቱን ልንገርሽ፦ ጭብጨባ ፈልጌ ነው። ዛንድስፕሩት ሰፈር ያሉት ወንድሞች፣ ዳቬይተን ያሉት፣ አንበብንልህ እንዲሉኝ። ለአባቴ ብዬ የጻፍኩትን ለሰው ፊት አዋልኩት። ያውም በሃያ ስምንት ዓመቴ አንድ ቀን እንኳ በማዕረጋቸው ጠርቻቸው አላውቅም። ሠራዊቱ ከተበተነ ወዲህ ማንም አልጠራቸውም። እኔም ከማንም አንዱ ነኝ።

እሁድ ነሐሴ 10። ቀን 6 ሰዓት።

ጠዋት ለደሳለኝ መልእክት ላክሁለት፦ ምዕ. 3ን አንሳው፣ የቀረውን አልሰጥም። ከገጹ አስወጣኝ። ለወንድሞች ሁሉ ውለታ ቢስ ብሎኛል። ይሁን። ነገ ችግር ቢገጥመኝ ማን ይደርስልኛል? አላውቅም። ይሁን አልኩ።

አልማዝን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጊው አልኳት። ታሪኩን የጻፍኩበትን ገጽ ገለጥኩ። ሰው ፍርግርጉን ይደበድባል፣ ዳቦ ይላል። ይደብድብ። ማንበብ ጀመርኩ።

«ሃምሳ አለቃ…»

«አቤት!»

ሦስት ሳምንት ድምፅ ከፍ አድርገው ውኃ ለመጠየቅ አቅም ያነሳቸው ሰውዬ። አልማዝ ከወዲያ ምን ሆኑ፣ ምን ሆኑ ትላለች። እኔ አንድ ቃል መጨመር አቃተኝ።

ቀጥል አሉኝ አባባ።

ሱቁን ዘጋሁት።