የማይሸጡት ሠዓሊዎችና የክሊኒኩ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ማርች 3፣ 2009

ከሥዕል ታሪክ ክፍል ስወጣ፣ ከፊቴ ከሚሄዱት ልጆች አንዱ እንዲህ አለ፦ እውነተኛ የቻይና ሠዓሊ ሥዕሉን ሸጦ አያውቅም። ግሩም። አመንኩ። እራት ላይ ለወንድሜ ለብሩክ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ፊቱ በራ። አላማረኝም።

ሐሙስ፣ 5

ጉድ ስሚ፣ ማስታወሻዬ። ብሩክ ከሚሠራበት መጋዘን ሌይኦፍ ተደርጎ ሥራ ካጣ ወዲህ እዚህ ጋርላንድ ከተማ እኔ ቤት ሶፋ ላይ ነው። ሚስቱ በጁን ከአገር ቤት ትመጣለች። ሶፋው ሁለት ሰው አይችልም። ጎረቤት ከተማ ሮውሌት ያለችው የጥርስ ሐኪም፣ ዶ/ር አልማዝ፣ ሥዕል እንደሚሞክር ሰምታ ክሊኒኬ ግድግዳ ላይ ሣልልኝ ብላው ነበር፤ ክፍያው ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር አፓርታማ ያስይዘዋል። ዛሬ ኮል አድርጎ እምቢ አላት። እውነተኛ ሠዓሊ አይሸጥማ!

"አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፣ እትዬ።"

እትዬ የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ 7፣ ከሰዓት

ላይብረሪ። ነርስ ለመሆን የሥዕል ታሪክ ለምን እንደሚያስፈልግ ገባኝ፤ ደም ግፊትን በራስ ላይ ለመማር። ሶ፣ የማይሸጡት እነማን ኖረዋል? በጥንት ቻይና የመንግሥት ፈተና ያለፉ ሹማምንት። መሬት አላቸው፣ ገበሬው ያርስላቸዋል። በጥቁር ቀለም ብቻ ቀርከሃ ሥለው ለወዳጅ ይሰጣሉ። ወዳጅ ሻይ ይልካል፣ ሐር ይልካል፣ ውለታ ይውላል። ሽያጭ አይባልም፣ ነውር ነው። መሬት የሌለው ግን የታዘዘውን ይሥላል። ባለጸጋው ቀይ ጨምር ካለ ቀይ ይጨምራል። ሹማምንቱ ይንቁታል። ከራሳቸው መሐል የደኸየውም ይሸጥና ሥዕሉ ላይ "ለወዳጄ" ብሎ ይጽፍበታል።

ለብሩክ አነበብኩለት። መሬትህ የታለ? አልኩት።

"ሶፋው አለ" አለ።

እሑድ፣ 8

ከቤ/ክ ስንመለስ ብሩክ መኪና ውስጥ የሆዱን አወጣው። ዶ/ር አልማዝ የፈለገችው፦ ጢስ ዓባይ፣ ከፊቱ ፈረስ። ፈረሱ ጥርሱን ያሳይ። ነጭ ጥርስ። በዚህ አገር ሰው የሚያይልኝ የመጀመሪያ ሥራዬ የሚስቅ ፈረስ ይሁን? አለ። ለካ እምቢ ያላት ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ስጮህበት ሰነበትኩ።

ቀስ ብዬ አልኩት፦ የቻይና ንጉሥ ሠዓሊም የንጉሡን ፈረስ ነው የሣለው፤ ግን አሳምሮ። ማታ እርሳስ ጠየቀኝ።

ረቡዕ፣ 11

ንድፉ አለቀ። የሚስቀው ፈረስ፣ ማለቴ፣ ያሳዝናል፣ ያስቃል፣ ዓይን ከሱ አይነሳም። እንዲህ መሣል እንደሚችል አላውቅም ነበር። ብሩክ ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ሸሚዝ ተኮሰ። ሮውሌት ነዳሁ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ፓርክ አደረግሁ።

ዶ/ር አልማዝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሻይ አስመጣች። ንድፉን ልውሰደው? አለች። ብሩክ በሁለት እጁ ሰጣት። በነጻ።

ሥዕሉ የታሰበበት ግድግዳ ላይ፣ እሱ እምቢ ካለ ማግስት ከዓርብ ጀምሮ፣ ትልቅ ቲቪ ተሰቅሏል።