ጉልላትን ከሞት ያስነሳህበት ሙዚቃ

ሶዶ፣ ጥር 1931 ዓ.ም.

ውድ አድነው፣

«ውድ» ያልኩህ ሌላ አጀማመር ስላልተማርኩ ነው እንጂ፣ ልቤስ ሌላ ስም ሲያወጣልህ ነው የሰነበተው። ከጅማ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ባሌት የምትለው የጭፈራ ትርኢትህ እዚያም መወደዱን፣ ጣልያኑ የሙዚቃ ባንድ አለቃህ ትከሻህን መታ መታ ማድረጉን ጽፈሃል። ቀጥለህ ደግሞ «ወይንሸት፣ አትዘኚ፤ ወንድምሽ ጉልላት በኔ ሙዚቃ ውስጥ አይሞትም» ብለሃል። ይህችን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቅ ከተባለ።

ወንድሜ ምን እንደሠራ ታውቃለህ። ያንን ቀይ ካባ ደርቦ ሻንቶ ገበያ መሐል በፈረስ ገባና፣ የጣልያኑን መቶ አለቃ ባርኔጣ በጎራዴው ጫፍ ከራሱ ላይ ብድግ አድርጎ፣ አንዲት ፀጉር ሳይነካ፣ እጅ ነስቶት ሄደ። ሲዋጋም መቀለድ ይወድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ፍለጋው በረታ፤ ቤታችን በየጊዜው ይበረበር ጀመር።

ስለዚህ ሞተ አልን። ብላቴ ወንዝ ወሰደው ብለን ልብሱንና ጋሻውን አውጥተን፣ ፈረሱን ጭነን ለቅሶ ተቀመጥን። አልቃሿ ፈጠነች ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች። እናቴ ጓዳ ገብታ «በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ ልጄን በአፋችሁ ገደላችሁት» እያለች ከልቧ አነባች። እኔ እንባ እምቢ ብሎኝ፣ ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ዓይኔን አርስ ነበር።

አንተ ግን እንደ ወንድም አለቀስክ። እጮኛዬ ነህ፤ እህል እምቢ ብለህ ጥሩምባህን አቅፈህ ስትቀመጥ አንጀቴ አልችል አለ። «ተው፣ አለ እኮ። ሁምቦ፣ ወዳጁ ባዳቾ ቤት ነው፤ ስንቁን የማደርስለት እኔ ነኝ» አልኩህ። የጣቴንም ነገር አጫወትኩህና አብረን ሳቅን።

ያኔ ነው ሙዚቃውን መጻፍ የጀመርከው። ባሌት ምን እንደሆነ ስጠይቅህ «ቃል የለውም፤ ታሪኩን የሚናገረው እግር ነው» አልከኝ። ጥሩምባው ለጎራዴው፣ ክላርኔቱ ለቀልዱ፣ ከበሮው ለፈረሱ። የድሮ ተረት ነው ብለህ የባንዱን አለቃ አሳመንክ፤ በመቶ አለቃው ባርኔጣ ፋንታ የነጋዴ ጥምጣም አደረግህ። መጨረሻው ሙሾ ነበር። «ሶዶ ሁሉ ሞቱን በጆሮው ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይፈልገዋል?» ያልከኝ አንተ ነህ። አምኜህ በሐዘን ልብሴ መጥቼ ከፊት ቆምኩ።

አልዋሽህም፣ ያምር ነበር። ጎራዴው ሲብለጨለጭ፣ ቀይ ካባው ሲዞር፣ ጉልላት ራሱ ከጣልያኖቹ ምሽግ ፊት ያለው ሜዳ ላይ የወረደ መሰለኝ። ጀግናው ወንዝ ገባ፤ ሙሾው ተነፋ፤ ከጎኔ ያሉት ሴቶች አለቀሱ። ምናለ እዚያ ላይ ባበቃ! አንድ ወታደር የኔን የመሰለ ነጠላ ተከናንቦ ብቅ አለ። እኔን መሆኑ ነው። ጣቱን ከገበቴ ውሃ ነክሮ ዓይኑን አራሰ፤ የስንቅ አገልግል ከነጠላው ሥር ሸጉጦ ቁልቁል ወረደ። ጥሩምቦቹ ባንዴ ጮኹ፤ ጀግናው ከቋጥኝ ኋላ ዘሎ ወጣ። ጣልያኖቹ ቆመው አጨበጨቡ። የሶዶ ሰው ግን ወደኔ ዞሮ ያየኝ ነበር። አስተርጓሚው ብሩ፣ የገዛ ሰፈራችን ልጅ፣ ወደ ጣልያኑ ሻለቃ ጆሮ ጎንበስ ሲል አየሁት።

«አለቃዬ ሙሾው ከበደኝ፣ የሚያስጨበጭብ መጨረሻ አምጣ አለኝ፤ ፈረንጆች ናቸው፣ ማን ይገባዋል ብዬ ነው» ብለሃል። አድነው፣ ሌላ መጨረሻ አጣህ? ጀግናውን ንጉሥ ማረው ብለህ መጨረስ አትችልም ነበር? ስንት ውሸት ሞልቶ የኔን እውነት ወስደህ ለጭብጨባ ሸጥከው!

በሳምንቱ ባዳቾ ከሁምቦ በእግሩ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ጣልያኖቹ መጥተው ቤታችንን አቃጠሉት። ጉልላት ሮጦ አልሞተም፣ ቆሞ ነው» አለኝ።

እንደገና ለቅሶ ተቀመጥን። ሰው መጣ፤ ግን ሳያለቅስ ተቀምጦ፣ ሳያለቅስ ሄደ። ፈጠነችን እግሯ ላይ ወድቄ ለመንኳት። «ልጄ፣ ለሱ ያለኝን ሁሉ ያን ጊዜ አውጥቻለሁ። በውሸት አስለቀሳችሁኝ፤ ለአንድ ሰው ሁለቴ ሙሾ አላወርድም» አለችኝ።

እናቴ ሐዘን ላይ ነበረችና ባሌቱ የታየ ቀን ሜዳው ላይ አልነበረችም። ማን እንዳሳወቀበት አታውቅም፤ የሚነግራት ጎረቤትም አልተገኘም፤ የኔም አፍ እምቢ ብሏል። በየጠዋቱ ስምህን ጠርታ ትጸልይልሃለች። «ጣልያን አለቅም ብሎት ነው እንጂ አድነው ይቀር ነበር? ፈጠነች እምቢ ካለች እሱ መጥቶ በጥሩምባው ያልቅስልኝ፤ ያኔ እኔም አለቅሳለሁ» ትላለች።

ስለዚህ ና። ጥሩምባህን ይዘህ ና። መጀመሪያ ግን አጠገቧ ተቀምጠህ ሁሉንም በራስህ አፍ ንገራት፤ ከዚያ በኋላ ንፋ ካለችህ ትነፋለህ። ጉልላት ከሞተ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ ከዓይኗ አልወጣም፤ አንተን እየጠበቀች ነው።

የጉልላት እህት፣
ወይንሸት