ነጩ አበባው ነው ወይስ ተራራው

ለምወድህ ወንድሜ ለናኦያ፣

ይህች ወረቀት ውቅያኖሱን ተሻግራ እጅህ እስክትገባ ሰላም ከደጃፍህ አይራቅ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ በስልክ ስናወራ ሲያንቅህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይ? ማሪሳስ ወገቧን ተሻላት? ትንሹ ካኦሩ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚስቀው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማማን ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ከጓሮዋ የሚያስቀራት አልተገኘም። አባባም እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ፖም ዛፎቻቸው በረዶ እንዳይመታቸው ሌሊት እየተነሱ ሰማይ ያያሉ።

ወንድም ዓለም፣ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አባባና አጎቴ ቶኩጂ ተነጋገሩ። ተሳስቼ የጻፍኩ እንዳይመስልህ። አፍ ለአፍ ተነጋገሩ።

በሩዝ ተከላ ወቅት «ቦዩን ማን ዘጋው» ተባብለው ሲጣሉ አንተም እዚሁ ነበርክ። ከዚያ ወዲህ ዓይንና ናጫ ሆነው፣ ማሳቸው ድንበርተኛ ሆኖ፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ አንዱ መሬት እያየ ሲተላለፉ ስንት ጸደይ አለፈ። ሽማግሌ ተልኮ አልሆነም፤ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው አልሆነም።

ነገሩን የጫሩት አክስታችን ኪኑ ናቸው። ሐኪሙ ዓይናቸው ከእንግዲህ እየደከመ እንጂ እየተሻለው እንደማይሄድ ነገራቸው። ስንመለስ እኔ መኪና ውስጥ ሳለቅስ እሳቸው መንገዱን ያዩ ነበር። ቤት እንደገቡ ሁለቱንም ወንድሞቻቸውን አስጠሩና «ተራራው ላይ ባለው ቤተ መቅደስ ያለውን የቼሪ ዛፍ በዚህ ጸደይ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። መኪና ከተራራው ግርጌ አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። እንዲሸከሟቸው የሰፈሩን ጎረምሶች ልለምን ብዬ ነበር። አክስቴ ግን «እናታችን ከሞተች ወዲህ እነዚህን ሁለቱን እያፈራረቅሁ ያዘልኳቸው እኔ ነኝ። ብቻውን የሚችለኝ ካለ ይምጣ፤ ካልቻለ ሁለቱም ይምጡ» ብለው ነገሩን ቋጩት።

እሑድ ጠዋት ከተራራው ግርጌ ተገናኘን። አጎቴ ወንበርና ሁለት ረጃጅም ቀርከሃ ይዘው መጡ፤ አባባ ደግሞ ገመድ። ወንበሩን ከቀርከሃው ጋር ሲያስሩ የኔን ነገር ብታይ ትስቅ ነበር። አባባ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ በእሱ በኩል ያለው ቋጠሮ ላልቷል» ይሉኛል። አጎቴ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው «ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ ቋጠሮ እሳቸው አላስተማሩኝም» ይሉኛል። እኔ መሀል ቆሜ አንገቴን ወዲህና ወዲያ ሳዞር አክስቴ «ተዉአት ልጅቷን፤ ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ» አሉ። ሁለቱም ወደየቋጠሯቸው ጎንበስ አሉ።

አባባ ከፊት፣ አጎቴ ከኋላ ሆነው ተሸክመው ወጣን። መጀመሪያ ላይ እርምጃቸው አልገጥም ብሎ ወንበሩ ወዲያ ወዲህ ሲል አክስቴ «የሩዝ ጆንያ መሰልኳችሁ እንዴ? እንጨት አብራችሁ ስታወርዱ እንዲህ ነበር የምትራመዱት?» ብለው ተቆጧቸው። ከዚያ በኋላ እግራቸው ገጠመ። ማን ማንን እንደተከተለ አላውቅም፤ ብቻ የሁለቱ ኮቴ አንድ ሆነ። አበባውን ለማየት የመጣው ሰው ሁሉ መንገድ እየለቀቀ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈን ነበር። አክስቴ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ለሁሉም አጸፋውን ይመልሳሉ።

የቤተ መቅደሱን በር አልፈን ዛፉን ሳይ፣ ወንድም ዓለም፣ የያዝኩት ምሳ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። በየዓመቱ እያየሁት እንኳ አልለምደውም። ቅርንጫፎቹ እንደ ፏፏቴ እስከ መሬት ወርደዋል፣ አንድም ቅጠል የለም፣ ሁሉም አበባ ነው። ከበስተጀርባው ተራሮቹ በረዷቸውን እንደለበሱ ናቸው። ሰማዩም ያን ቀን ጥርት ብሎ ነበር።

አክስቴን ከዛፉ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ነጩ ምንድን ነው? አበባው ነው ወይስ ተራራው?» ብለው ጠየቁ። አለመለየታቸውን ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያወቅነው።

አባባ «ተራራው ነው፣ እትዬ» አሉ። አጎቴ በዚያው ቅጽበት «አበባው ነው» አሉ።

«ምን አበባ አለ እዚያ? እጇ ወዴት እንደሚያመለክት አታይም?»

«አንተ ከዚያ ቆመህ እንዴት ይታይሃል? እዚህ ና፣ ከእሷ አጠገብ ቁምና እይ።»

አባባም ሄደው ቆሙ። ትከሻቸው ከአጎቴ ትከሻ ጋር ተነካካ። ጎንበስ ብለው የአክስቴን ጣት አስተውለው አዩና «እውነትህን ነው፤ አበባው ነው» አሉ። መነጋገራቸውን ያን ጊዜ ያወቁት ይመስል ሁለቱም ደነገጡ። አክስቴ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ «እሺ፣ ተራራው ታዲያ የት ጋ ነው? ንገሩኛ» አሉ።

ነገሯቸው። አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ተንበርክከው፣ በረዶው እስከየት እንደወረደ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደፈካና የትኛው ገና እምቡጥ እንደሆነ፣ አንዱ ሲስት ሌላው እያረመው ነገሯቸው። ምሳ ስንበላም አላቆሙም። አጎቴ የእማማን የሩዝ ድቡልቡል በሁለት ጉርሻ ጨርሰው ሌላ ሲያነሱ አባባ «ዛሬም እንደ ድሮህ ሆዳም ነህ» አሏቸው፤ ቤት እስክንገባ ድረስ ስለ ሆዳምነት ተከራከሩ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከቦዩ ዳር ጩኸት ሰምቼ በመስኮት ብመለከት፣ ውሃው ምን ያህል ይከፈት በሚል ሲነታረኩ አየኋቸው። እማማን ልጥራት ብሮጥ፣ እሷም እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆማ ትሰማቸው ነበር። «ተያቸው፣ ይጩሁ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለዚህ በነሐሴ ለሙታን በዓል ስትመጡ እንደ ባለፈው አጎቴን ተደብቀህ አትጠይቃቸውም። ከዚያ በፊትም ስልክ ደውልላቸው፤ አንተን ለመጠየቅ አፍረው «ያ ልጅ ብራዚል ሄዶ ፖም መግረዝ ረሳ ይሆን?» እያሉ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ።

እማማ ካኦሩን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ ብላለች። አባባ ሰላምታቸው እንደተለመደው አጭር ነው፤ «ሹራብ ይልበስ» ይሉሃል። አክስቴ ኪኑ ለማሪሳ፣ አጎቴ ለሁላችሁም እጅ ነስተዋል። እኔም በዚያ ዛፍ ሥር የምትቆምበትን ቀን እየናፈቅሁ እሰናበትሃለሁ።

እህትህ ሳቺዬ
ኢና ሸለቆ፣ ናጋኖ
ሚያዝያ ፲፯ ቀን