ከአጥር ማዶ የምትጣራው ላም

ጥር 3፣ ጠዋት 12፡30
ጥጃው ባልዲውን እንቢ አለ። ጣቴን በወተት ነክሬ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ጠባ። ቀስ እያልኩ ወደ ባልዲው አወረድኩት፤ ትንሽ ተጎነጨ፣ አስነጠሰው፣ ፊቴን በወተት ረጨኝ። መጀመሪያ ሁሉም እንዲህ ናቸው።
ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ የገዛሁት ነው። የወተት ላም ያለው ሰው ወንድ ጥጃ ሲወለድለት ፊቱ ይጠቁራል፤ ወተት ይጠጣል እንጂ አይሰጥም። እኔ እንዲህ ያሉትን ሰብስቤ፣ በፉርሽካና በአተላ አሳድጌ፣ ለሥጋ እሸጣለሁ። መቱ ከተማ ውስጥ «የጥጆች እናት» ይሉኛል። ለማሾፍ ነው።

ያው ቀን፣ ማታ
ላሟ ከአጥር ማዶ ትጣራለች። ጥጃው ከኔ በረት ይመልስላታል። ጥፋቱ የኔ ነው። ድምፅ ከሚሰማበት ቤት ጥጃ አይገዛም፤ ይህን ለስንቱ መክሬያለሁ። ሌላ ሰው ሊወስደው ነው ሲባል ተስገብግቤ ዘልዬ ገባሁ። ባሌ ገመቹ፣ ትጮኽ ትጮኽና ትረሳዋለች ብሎ ተኛ።

ጥር 6
አልረሳችውም። እ. አስካለ መጡ። ላሟ ወተት ከልክላለች። ግማሽ የፈረንጅ፣ ግማሽ ያገር ናት፤ ጥጃዋን ካላየች አታወርድም። የድሮ ጥጃ ቆዳ በጭድ ሞልተው አቀረቡላት፤ አሽትታ ዞር አለች። ወተቱ የቤታቸው ቀለብ ነው፤ ሌላ የላቸውም።
ጥጃውን መልሽልኝ አላሉም። የሸጠ ሰው እንዲያ አይልም። ቁጭ ብለው ወደ በረቱ ብቻ ያያሉ። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ጥር 9፣ ከሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ሮባ። ሦስተኛ ልጄ። ጡት በጣለ በወሩ ለባሌ ለገ. ታላቅ ወንድምና ለሚስቱ ለጫልቱ በጉዲፈቻ ሰጠነው። ቡሬ ነው የሚኖሩት። ልጅ አልወለዱም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ተመርቆ ነው የሄደው። ጉዲፈቻ አይመለስም፤ የኔ ነው አይባልም። ማንም አላስገደደኝም፤ በአፌ እሺ ብያለሁ። ሰዉም ተባረኪ አለኝ።
አንድ ጊዜ ላየው ሄድኩ። ስመለስ እስከ መናኸሪያ እያለቀሰ ተከተለኝ። ከዚያ ወዲህ ገ. ልጁን ታውኪዋለሽ፣ አትሂጂ አለ። ቀረሁ። አሁን አራት ዓመቱ ነው። እኔን አክስት ናት ብለውታል።
ይኼው ላሟ ደግሞ ጀመረች። ጣቴ ጥጃው አፍ ውስጥ ሆኖ ነው የምሰማት። ጆሮዬን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኛል።

ጥር 13
ትልቁን ወይፈን ሸጥኩ። ጎሬ ሰርግ ያለባቸው ሰዎች ናቸው የገዙት። ጀርባውን ዳበሱ፣ ዳሌውን ጨበጡ፣ ተስማማን። ሲጫን ዓይኔ አልረጠበም፤ ለዚሁ ነው ያሳደግኩት። ግን መኪናው ላይ ሆኖ ሲያገሳ ላሟ ከአጥር ማዶ መለሰችለት። የሷ አይደለም እኮ። አሁን ለጠራት ሁሉ ትመልሳለች። ምሳ አልበላሁም።

ጥር 14
ለገ. ጥጃውን ልመልስ ነው አልኩት። አበድሽ እንዴ አለ። እንዲህ ከሆነማ ሥራውን ተይው አለ፤ የትኛው ጥጃ ነው እናት የሌለው? ወጣ፣ ተመለሰ፣ በሩ ላይ ቆመ።
«ስለ ጥጃው አይደለም የምታወሪው» አለኝ።
ያውቃል ማለት ነው። ይኼን ሁሉ ጊዜ እያወቀ አብሮኝ ዝም ብሏል።

ጥር 15፣ ጠዋት 1፡00
ወሰድኩት። ሮጣ ትቀበለዋለች ብዬ ነበር። አሸተተችው። በእግሯ መታችው። እኔን እኔን ይሸታል፣ ሳሙና፣ ፉርሽካ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች። ልጇ ከኋላዋ ቆሞ እሱ ወደሌለበት በረቴ ተጣራች። እበቱ ላይ ቁጭ አልኩ።
እ. አስካለ አልደነገጡም። ጨው በውሃ አርሰው የጥጃውን ጀርባና የጅራቱን ሥር ቀቡት። ላሟ ላሰች። ሄደች። ተመልሳ ላሰች። ብዙ ቆይቶ ከሥሯ ሲገባ ዝም አለችው። ወተቱ ወረደ።
አውቃው ነው ወይስ ለጨው ነው? ብዬ ጠየቅኳቸው።
«ምን ቸገረሽ ልጄ? ዛሬ ለጨው ትላሰው። እሱ እንደሆነ ጠባ።»
ጡት ሲጥል ተመልሶ ወደ እኔ እንዲመጣ ተስማማን። ያኔ ይደልባል፣ ይሸጣል። ሥራዬ ነው።

ጥር 17
ጸጥ ብሏል። ጸጥታው ባሰብኝ። በጥሪዋ ሰዓት ባንኜ አዳመጥኩ። ምንም። ታዲያ በደረቴ ውስጥ የሚጣራው ማነው?

ጥር 18
ነገ ቡሬ እሄዳለሁ አልኩ። ገ. አትሂጂ አላለም። ስልኩን አንስቶ ለወንድሙ ደወለ፤ ነገ ትመጣለች፣ ከመናኸሪያ ተቀበሏት አለው።
ሮባን ልመልሰው አይደለም። የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ። ከረሜላ ገዛሁ፣ ብዙ። ለከረሜላው ይምጣ፣ ግድ የለኝም። አክስቴ ሲለኝ አቤት እላለሁ።